ሰባተኛው ውሃ

እትዬ ዙሀራን መጀመሪያ ያየኋቸው ሃያ አምስት ኪሎ የስታርች ኬሻ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ ነው። «ላግዝዎት» አላልኩም። እኔ መካኒክ ነኝ፣ እሳቸው ተሸካሚ ናቸው፤ ያኔ ይህን ልዩነት በሻለቃና በተራ ወታደር መካከል ካለው አሳንሼ አላየውም ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ግን የራሴን ጉድ ካልተናገርኩ የሳቸውን ታላቅነት ስናገር ማን ያምነኛል?

ፋብሪካችን ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባሕር ዛፍ ጀርባ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር። ሽሮፕ፣ ቅባትና ክኒን ይሠራል። የክኒኑ ክፍል ፎቅ ላይ ነው። አሥራ አንድ ሴቶችና እኔ ነበርን። ሴቶቹ ዱቄቱን ይመዝናሉ፣ በስታርች ሙጫ ያቦካሉ፣ በወንፊት ያሳልፋሉ፣ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ያስገባሉ። እኔ ደግሞ ክኒን መምቻውን ማሽን እነዳለሁ፣ ዘይት አጠጣለሁ፣ ሲታመምም አክመዋለሁ። ያንን ማሽን እንዴት እንደምወደው አትጠይቁኝ። ሚስቴ «ከእኔና ከእሱ አንዳችንን ምረጥ» ብትለኝ «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» ማለቴ አይቀርም ነበር።

እትዬ ዙሀራ አርባ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናቸው ነበር። የተወለዱት ጉራጌ አገር፣ ከወልቂጤ ወዲያ ነው። በልጅነታቸው ለኮልፌ ነጋዴ ተዳሩና አዲስ አበባ ገቡ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ባላቸው ድንገት ሲሞቱ ዘመድ አዝማዱ «ወደ አገርሽ ተመለሺ» ቢላቸው «ልጆቼ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ የምመለስበት እግር የለኝም» ብለው ቀሩ። ፋብሪካው ሲከፈት በተሸካሚነት ተቀጠሩ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ኬሻ ከታች ወደ ላይ አመላለሱ። ምሳ ሰዓት ላይ ከስታርቹ ክምር ጀርባ ካርቶን አንጥፈው ይሰግዳሉ። ሲጨርሱ ካርቶኑን አጥፈው ከማሽኔ ሥር ይሸጉጡታል፤ በዚህ ሁልጊዜ እነጫነጭ ነበር።

«ማሽኑም ይሰግዳል እንዴ?» እላቸዋለሁ።

«አንተም እሱም ብትሰግዱ አይጎዳችሁም» ይሉኛል፤ ሳቅ ብለው ይሄዳሉ።

በ1959 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ የስዊዝ ቦይ በጦርነት ተዘጋ። ስዊዝና ኮልፌን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ስታርቻችን የሚመጣው ከአውሮፓ በመርከብ ነበር። ቦዩ ሲዘጋ መርከቡ መላ አፍሪካን ዞሮ መምጣት ነበረበት፤ አንዴ በሦስት ወር፣ አንዴ በአምስት ወር ይደርሳል። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ላይ ጭራሹን ቀረ። «መርከቡ ተነሥቷል፣ እየመጣ ነው» ይሉናል። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። መጋዘን ውስጥ የቀሩት ሦስት ኬሻዎች ነበሩ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ገብረወልድ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ክፍሉን ሰበሰቡ። ቀጥ ያሉ፣ ነገር የማያለሳልሱ ሰው ነበሩ።

«ዝናቡ ሲያባራ ወባ ይነሣል» አሉ። «መንግሥት የወባ ክኒኑን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይፈልገዋል። እኛ ካላደረስን ከውጭ ያስመጣል። ያኔ ይህን ክፍል እዘጋዋለሁ። አሥራ አንዳችሁም ወልደሰንበትም ቤታችሁ ትገባላችሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም።»

ከሴቶቹ አንዷ መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች። ወልደሰንበት እኔ ነኝ፤ ማሽኔን አየሁት።

በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲው ከፋብሪካችን ጋር ተስማምቶ አንድ ወጣት የፋርማሲ መምህር ይልክልን ነበር። ዶክተር ዳባ ይባላል። በየማክሰኞው ተማሪዎቹን አስከትሎ ይመጣል፤ እነሱ በማሽናችን ይማራሉ፣ እሱ ደግሞ አሠራራችን የት ላይ እንደሚበላሽ እየለካ ይነግረናል። ሴቶቹ «ዶክተር ማክሰኞ» ብለውታል። እኔ መጀመሪያ ጠላሁት። ማሽኔ የመታቸውን ክኒኖች አንድ በአንድ እየመዘነ «ይቺ ከበደች፣ ይቺ ቀለለች» ሲል ሚስቴን የሚያማብኝ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ግን የማድረቂያው ምድጃ የላይኛው መደርደሪያ ሲደርቅ የታችኛው እርጥብ እንደሚቀር አገኘ። ትሪዎቹን በየሰዓቱ አቀያይሩ አለን። አቀያየርን፤ አናቱ እየተገነጠለ የሚያስቸግረን ክኒን በግማሽ ቀነሰ። ከዚያ ወዲያ ሻይ እኔው ነበርኩ የማመጣለት።

ስታርቹ ሲያልቅ ዶክተር ዳባ ከአገር ውስጥ ምትክ ፍለጋ ገባ። በቆሎ ሞከረ፤ ሙጫው እየጓጎለ አስቸገረ። ድንች ሞከረ፤ ደህና ነበር፣ ግን ለአንድ ኬሻ ስታርች የሚያስፈልገው ድንች ግቢውን የሚሞላ ሆነ። አንድ ማክሰኞ ባዶ ኬሻ ላይ ተቀምጦ ግንባሩን ይዞ አገኘነው። እትዬ ዙሀራ ማቡኪያውን ዕቃ እየወለወሉ ነበር። ቀና አሉና ጠየቁት።

«ዶክተር፣ ይኼ ስታርች የምትሉት ነገር ክኒኑ ውስጥ ገብቶ ሥራው ምንድን ነው?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ተይው፣ አይገባሽም» ይል ነበር። እኔ እል ነበር። ዶክተር ዳባ ግን ተነሥቶ አጠገባቸው ሄደ።

«ሁለት ሥራ አለው፣ እትዬ ዙሀራ። አንደኛ፣ ዱቄቱን አያይዞ ክኒን ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ሰው ክኒኑን ሲውጥ ሆድ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይበትነዋል። የያዘው እሱ ነው፤ የሚለቀውም እሱ ነው። ካልለቀቀ ክኒኑ እንደ ጠጠር ገብቶ እንደ ጠጠር ይወጣል፤ በሽተኛው መድኃኒት ዋጥኩ ብሎ ይሞታል።»

ከዚያ ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ አስመጣና ከቀሩት ክኒኖች አንዷን ጣለበት። ሁላችንም ጎንበስ አልን። ክኒኗ ትንሽ ጊዜ ዝም ብላ ተቀመጠች። ቀጥሎ ዳሯ እርጥብ ሆነ፣ አበጠች፣ ስንጥቅ አወጣች፣ ከዚያ እያየናት ተፈረካክሳ ብርጭቆው ሥር እንደ ጭጋግ ተኛች። እኔ ስንትና ስንት ሚሊዮን ክኒን መትቻለሁ፤ አንዲቷ እንኳ ሆድ ስትገባ ምን እንደምትሆን አይቼ አላውቅም ነበር። እስከዚያ ድረስ እጄ የሚሠራውን ሥራ አላውቀውም እንደነበር ገባኝና ደነገጥኩ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ እትዬ ዙሀራ። ብርጭቆውን በጣታቸው ነካ አድርገው ደግሞ «ይኼማ ቡላ ነው» አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ ስለ እንሰት የማውቀው ዳቦ በቅጠሉ እንደሚጠቀለል ብቻ ነው። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ዙሀራ ምንም አልመለሱልኝም። ዶክተር ዳባ ግን አልሳቀም፤ ደብተሩን አወጣ።

«ቀስ ብለው ይንገሩኝ» አለ።

ነገሩት። የእንሰቱ ግንድ ይፋቃል፣ ይጨመቃል። የተጨመቀው ውሃ በዕቃ ሲቀመጥ ከሥሩ ነጭ ነገር ይዘቅጣል፤ ውሃው ሲቀዳ የሚቀረው ያ ነጭ ነገር ቡላ ነው። ከውሃ ጋር እሳት ላይ ሲጣድ እንደ ሙጫ ይይዛል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ደግሞ ይጠጣል። «ምላስ ላይ ሳይቀር ይበተናል» አሉ። ዶክተሩ አንዴ ይጽፋል፣ አንዴ ቀና ብሎ ያያቸዋል፤ መጻፉን ሲረሳውም አየሁት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ጥቅል ይዘው መጡ። ሁለት ዓመት ተቀብሮ የቆየ ቡላ ነበር። ለትልቋ ልጃቸው አራስነት ያስቀመጡት መሆኑን የሰማነው በኋላ ነው። ለአንድ ሙከራ ያህል ይበቃል ተባለ። አደረቅነው፣ ወቀጥነው፣ ሴቶቹ በሱ ሙጫ የወባውን ዱቄት አቦኩ፣ እኔም እያጉረመረምኩ በማሽኔ መታሁት። ክኒኑ ጠንካራ፣ ጥርት ያለ ሆኖ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ገብረወልድ እንኳ አንዷን በጣታቸው እያሽከረከሩ «ጉድ ነው» አሉ።

ረቡዕ ጠዋት ትሪዎቹን ስንከፍት ክኒኑ ላይ ጠቃጠቆ ወጥቶበታል። ቡናማ፣ ደብዛዛ፣ እንደ ፊት ማድያት ያለ ነገር። አቶ ገብረወልድ አንድ ትሪ አንሥተው አፍንጫዬ ሥር አመጡት።

«ዘይት ነው! ወልደሰንበት፣ ስንት ጊዜ ተናገርኩህ?»

«እግዚአብሔርን፣ የኔ ዘይት አይደለም!» አልኩ። ማን ያምነኛል? ጥር ላይ በእርግጥም ዘይት አንጠባጥቤ አንድ ሙሉ ቀን ሥራ አበላሽቼ ነበር። ቡላውን ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ያን ያህል ስቄ አሁን «ቡላው ነው» ብል ምቀኝነት ነው የሚሉት። የናቁት ያደርጋል ራቁት ይባላል፤ በዚያ ጠዋት ራቁቴን ቆሜ ነበር።

«ቅዳሜ መፍቻህን አስረክበህ ትወጣለህ» አሉኝ።

እትዬ ዙሀራ አንድ ክኒን አንሥተው በጥፍራቸው ሰበሩት፣ አሸተቱት። ፊታቸው ተለወጠ። ምንም ሳይናገሩ ደረጃውን ወረዱ። «አወቁ» አልኩ በልቤ፤ «አውቀው ዝም አሉ።» አልፈረድኩባቸውም። ቡላው ጥፋተኛ ከሆነ ያ ክፍል አለቀለት፤ አሥራ አንድ ሴቶች እሳቸውንም ጨምሮ ሜዳ ላይ ሊወድቁ ነው። እኔ ግን አንድ ነኝ፤ ያውም የሳቅኩባቸው። ቀኑን ሙሉ መፍቻዎቼን በጨርቅ ስወለውል ዋልኩ።

ሐሙስ ጠዋት እጄን ይዘው «ና» አሉኝ። አቶ ገብረወልድ ቢሮ ገባን። ዶክተር ዳባ ተጠርቶ መጥቶ ተቀምጧል። እትዬ ዙሀራ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ብጣሽ ወረቀት ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ።

«ጌታዬ፣ ክኒኑን አድቅቄ ወረቀት ላይ አድርጌ ፀሐይ ላይ አሳደርኩት» አሉ። ከዚያ ደንገጥ ብለው «አዋልኩት ማለቴ ነው» ብለው አረሙ። «ዘይት ቢኖርበት ወረቀቱን ያርሰው ነበር። ወደ መስኮቱ ያድርጉትና ይዩት፣ ብርሃን አላሳለፈም። ሽታውም የዘይት አይደለም። የቡላዬ ሽታ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ የዚህ ልጅ አይደለም።»

አቶ ገብረወልድ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሡት። አገላብጠው አዩት።

«እኛ ዘንድ ቡላ ክብሩ ሲቆይ ነው» ብለው ቀጠሉ እትዬ ዙሀራ። «ያልቆየ ቡላ ለሰው አይሰጥም፤ ነውር ነው። አራስ የምትበላው፣ አጥንቱ የተሰበረ የሚጠገንበት፣ እንግዳ የሚከበርበት የቆየው ነው። ለመድኃኒት ነው ስትሉኝ የቤቴን ምርጥ አመጣሁ። ክኒኑን እንደ እንግዳ አከበርኩት። የቆየ ቡላ ግን ይኮመጥጣል፣ እያደርም ይጠይማል። እኔ እሱን ጣዕም ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝና ጉድለቱ አልታየኝም።»

ዶክተር ዳባ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «ስለዚህ ያልቆየው...» ብሎ ጀመረ።

«ያልቆየው ሊሆን ይችላል» አሉ።

«የቆየ ያልቆየ የሚባል ነገር የለም!» አሉ አቶ ገብረወልድ። «ቡላ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር አይገባም። የክፍሉ መዝጊያ ማስታወቂያ ተተይቧል፤ ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ወልደሰንበት፣ አንተ ለጊዜው ሥራህ ላይ ቆይ።»

«ቡላው እዚህ አይገባም፤ ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ እንሥራው» አለ ዶክተሩ። «አንድ ሳምንት ይስጡኝ። ካልሆነ ማስታወቂያውን እኔ ራሴ እለጥፈዋለሁ።»

አቶ ገብረወልድ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «እስከ ሰኞ ሳምንት» አሉ።

ደረጃው ላይ ስንደርስ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። «እትዬ፣ ዝም ቢሉ ኖሮ እኮ ማንም አያውቅም ነበር» አልኩ።

«አላህስ?» አሉኝ። ትንሽ ሄድ ብለው ደግሞ «አንተስ? አንተ ታውቅ አልነበረም?» አሉኝ። ሴት ፊት አልቅሼ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ቀድሜያቸው ወጥቼ ማሽኔን መወልወል ጀመርኩ።

ያልቆየውን ቡላ የሚያመጣው ወንድማቸው ጀማል ነበር። መልእክት ተላከበትና ቅዳሜ በአውቶቡስ ከወልቂጤ ደረሰ። ፌርማታው ላይ ከእትዬ ዙሀራ ጋር ሆኜ ተቀበልኩት። ጥቅሉን በጋቢ፣ በጋቢው ላይ ደግሞ በካፖርት ሸፍኖታል። የሰረቀው ዕቃ ይመስል ግራ ቀኙን ያያል።

«ዙሀራ፣ አበድሽ እንዴ?» አላቸው። «በዚህ ሳምንት የተጨመቀ፣ ጉድጓድ እንኳ ያልገባ! ይኼን ለሰው ሰጠሽ ቢሉ በኮልፌ ስማችን ይጠፋል። እናታችን ብትሰማ ምን ትላለች?»

«ለሰው አይደለም፣ ለክኒን ነው።»

«ክኒኑንስ የሚበላው ሰው አይደለም?»

እትዬ ዙሀራ ሳቃቸው መጣ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ጀማል ብቻ አልሳቀም። ጎረቤት እንዳያይ ብሎ ጥቅሉን እትዬ ዙሀራ ቤት በጓሮ በር አስገባው። ለወትሮው እንግዳ ይዞ የመጣው ቡላ ለጎረቤት ሁሉ ነው የሚታየው።

እሑድ ጠዋት ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ነበርን፤ እኔ ጥቅሉን ተሸክሜ። አዎ፣ እኔ ተሸከምኩት። አምስት ተማሪዎች ነጭ ካፖርት ለብሰው ተሰልፈዋል። እትዬ ዙሀራ በሩ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ፤ ዶክተር ዳባ ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። በመጀመሪያ ጥቂት ቡላ በጠብታ ውሃ በጥብጦ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጠና «ይመልከቱ» አላቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ። እስኪበቃቸው አዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው በእንባ ተሞልቶ ነበር።

«ምን አዩ?» አልኳቸው።

«እንቁላል እንቁላል የሚመስል፣ አንዱ ካንዱ የማይነካካ፣ ብዙ፣ ብዙ...» ብለው አቆሙ። «ከልጅነቴ ጀምሬ በእጄ ስይዘው ዱቄት ነበር የሚመስለኝ። ለካ አላህ እያንዳንዱን አንድ በአንድ ነው የሠራው!» እኔም አየሁ። እንዳሉት ነው። ያን ጊዜ የተሰማኝ ነገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አዘውትሮ አይሰማኝም፤ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ እጥበቱ ተጀመረ። እትዬ ዙሀራ ቡላውን በተጣራ ውሃ በጠበጡት፣ ቃጫው እንዲቀር በንጹሕ ሻሽ አጠለሉት፣ እስኪዘቅጥ ጠበቁ፣ ላዩን ውሃ ቀዱት። ይህ አንድ ውሃ ነው። ዶክተር ዳባ ለተማሪዎቹ ትንንሽ ሰማያዊ ወረቀቶች ሰጣቸው፤ ኮምጣጣ ነገር ሲነካቸው ወደ ቀይ የሚለወጡ ናቸው። በመጀመሪያው ውሃ ወረቀቱ ጽጌረዳ መሰለ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። እየቀጠለ ቀለሙ እየሳሳ ሄደ። እትዬ ዙሀራ ወረቀቱን አያዩም። ከእያንዳንዱ ውሃ አንድ ጠብታ በጣታቸው ጫፍ አንሥተው ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ይደፉታል።

ስድስተኛው ላይ አንደኛው ተማሪ ወረቀቱን አወጣና «ዶክተር፣ በቅቷል፣ አልተለወጠም» አለ።

«አንድ ውሃ ይቀረዋል» አሉ እትዬ ዙሀራ።

ዶክተሩ ወረቀቱን ተቀብሎ መስኮቱ ዘንድ ወሰደው። ጫፉ ላይ፣ በጭንቅ የምትታይ፣ ለጋ ጫት ቅጠል ላይ እንዳለች ዓይነት ትንሽ ቅላት ነበረች። ለተማሪው አሳየው።

ሰባተኛውን ውሃ በጠበጡ፣ ጠበቁ፣ ቀዱ። ጠብታዋን ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ላቦራቶሪው ውስጥ የነበርነው ሁሉ አፋቸውን እናያለን።

«በቃ» አሉ።

ዶክተር ዳባ አዲስ ወረቀት ነከረ። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። ሌላ ነከረ፤ ሰማያዊ።

«በምን አወቁ?» አለ ተማሪው። ድምፁ ውስጥ ያቺ የፊተኛዋ ኩራት የለችም።

«ምላሴ ዝም ሲል ነዋ።»

ዶክተሩ ይህን ቃል እንዳለ ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ከጎኑ ሰባት ብሎ ቁጥር አደረገ። እኔ ያን ቀን የተማረና ያልተማረ የምለውን ነገር እንዴት አድርጌ እንደምለየው ጠፋኝ። እስከ ዛሬም አላገኘሁትም።

አቶ ገብረወልድ ቃላቸውን ላለማጠፍ እያመነቱ ታጥቦ የደረቀውን ዱቄት ወደ ፋብሪካው ለማስገባት ፈቀዱ፤ «ዱቄት እንጂ ቡላ አይደለም» ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። ማሽኔን ፈታትቼ አጠብኩት፤ ለሠርግ እንደሚታጠብ ሙሽራ። ሴቶቹ ሲያቦኩ እትዬ ዙሀራ ከሊጡ አንድ ጭብጥ አንሥተው ጨመቁና መዳፋቸውን ከፈቱ፤ ሊጡ ሳይፈርስ ቆመ፣ በአውራ ጣት ሲነኩት ደግሞ ለሁለት ተሰበረ። «ልክ ነው» አለ ዶክተር ዳባ። መታሁት። ክኒኑ ወጣ። ማንም እልል አላለም፤ አንዴ እልል ብለን አይተነዋል። አቶ ገብረወልድ አንድ ትሪ ወስደው ቢሮአቸው ውስጥ ቆለፉበት።

እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍናቸው አላውቅም። ሴቶቹ ምሳ አይበሉም። እትዬ ዙሀራ ከወትሮው ይልቅ ረዘም አድርገው ይሰግዱ ነበር፤ ካርቶናቸውን እኔው አነጥፍላቸው ጀመርኩ።

የቀጠሮው ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ቢሮው ውስጥ ተጠጋግተን ቆምን። አቶ ገብረወልድ ቁልፉን ከፈቱ። ትሪውን ሳብ አደረጉ። ክኒኑ ነጭ ነው። አንዱን አገላበጡ፣ ሌላውን አገላበጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁና እንደገና አጠለቁ። ነጭ ነው። ጠቃጠቆ የለም፣ ሽታ የለም።

«ነጭ መሆኑማ ፊተኛውም በመጀመሪያው ቀን ነጭ ነበር» አሉ። «አሁን ይፈታ እንደሁ እንይ።»

ዶክተር ዳባ ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ አቀረበ። የእጅ ሰዓቱን ፈቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ደንቡ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው» አለ። «ከውጭ በሚመጣው ስታርች የሠራነው ዘጠኝ ደቂቃ ነበር የሚፈጅበት።» ክኒኗን ጣለ።

አንድ ደቂቃ ሞላ፤ ምንም የለም። እትዬ ዙሀራ ከኋላዬ ሆነው በከንፈራቸው ያነበንባሉ። ሁለት ደቂቃ። የክኒኗ ዳር ጭጋግ አወጣ። አንዷ ሴት ክንዴን ጨመቀችኝ፤ ማን እንደሆነች አላየሁም። ከዚያ ክኒኗ አበጠች፣ ተሰነጠቀች፣ ግማሿ ወደቀ፣ ሌላው ግማሽ ተከተለው። ውሃው ነጣ። ብርጭቆው ሥር የሚያዝ ነገር አልቀረም።

«ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ» አለ ዶክተር ዳባ። ድምፁ ተሰበረ። ሌላ ጣለ፤ ሦስት ተኩል። ሦስተኛ ጣለ፤ ሦስት ደቂቃ ከሃያ አምስት። እኔ በማሽኔ የወጣ ነገር እንዲህ ሲሆን እያየሁ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በቆላ አንድ ወባ የሚያቃጥለው ሰው ይህን ሲውጥ ከሦስት ደቂቃ በኋላ መድኃኒቱ በሆዱ ውስጥ ይፈታለታል። ይህን ያደረጉት ስምንት ዓመት ደረጃ ሲወጡ ያላገዝኳቸው ሴት ናቸው።

አቶ ገብረወልድ ብርጭቆውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ያዙት። ከዚያ ወደ እትዬ ዙሀራ ዞሩ። ሲናገሩ የተናደዱ ይመስሉ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ነበር።

«ስምንት ዓመት! ስምንት ዓመት ሙሉ ስታርች ከባሕር ማዶ ስናስመጣ አንቺ እዚሁ ነበርሽ። ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

እትዬ ዙሀራ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ጌታዬ፣ ኬሻውን አንሺ ነው የተባልኩት» አሉ። «ምን እንደሚሠራ የነገረኝ ሰው ከሐምሌ በፊት አልነበረም።»

አቶ ገብረወልድ ብርጭቆውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ከወንበራቸው ተነሡ፣ ወንበሩንም ጎትተው ከእትዬ ዙሀራ ኋላ አደረጉት። «ይቀመጡ» አሏቸው።